ጎንደር፣ የመንና ዓለም በ1058 ዓመተ ሂጅራ

በአላህ ስም እጅግ በጣም ርኅሩኅ፣ እጅግ በጣም አዛኝ በሆነው።

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን አንድ ዓመት ብቻ ይዘን ቀርበናል። ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ መቶውን ዓመት በአንድ ትንፋሽ እናልፈዋለን። ዛሬ ግን በአንዲት ዓመት ላይ ቆም ብለን ዙሪያዋን እንቃኛለን፤ በዓለም ምን ሆነ? ማን ተወለደ? በአገራችንስ ምን ተደረገ? እንላለን። ዓመቲቱ 1058 ዓመተ ሂጅራ ናት።

ይህችን ዓመት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በመድረሳ የሚማሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ «ከነጃሺ ታሪክ ቀጥሎ የሚነገረን የኢማም አሕመድ ጦርነት ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ቅርቡ ዘመን ድረስ የኢትዮጵያ ሙስሊም የት ነበር?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ በአንድ ዝግጅት አያልቅም፤ ይሁንና አንዲት ዓመት በደንብ ከታየች ብዙ ነገር ታስረዳለች።

ሒሳቡን እናስተካክል

በቅድሚያ ስለ ዘመን አቆጣጠሩ። የሂጅራ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ከሁለቱ ሌሎች አቆጣጠሮች ጋር ልክ ለልክ አይገጥምም። 1058 ዓመተ ሂጅራ የገባው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1648 ጃንዋሪ ወር መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ የወጣው በ1649 ጃንዋሪ አጋማሽ ነው። በእኛ አገር አቆጣጠር ከጥር 1640 እስከ ጥር 1641 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አድማጭ እንዳይምታታበት ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ወይም «ሂጅራ» ካላልን በስተቀር የምንጠቅሰው የአውሮፓውያኑን ቁጥር ነው።

በዚያ ዓመት ደሴ የምትባል ከተማ አልነበረችም። ደሴ ስሟንም ከተማነቷንም ያገኘችው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ኮምቦልቻም ከዚያ ወዲህ የመጣች ከተማ ናት። ዛሬ ለመውሊድ ሕዝብ የሚጎርፍበት ጀማ ንጉሥም ገና አልተመሠረተም፤ መሥራቹ ሰይድ ሙሐመድ ሻፊ ያረፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነውና። ምድሩ ግን ነበረ፤ ሰዉም ነበረ። የጥንቱ ቤተ አምሐራ ሕዝብና ወሎ የሚለውን ስም ያመጡት ኦሮሞዎች ጎን ለጎን ሰፍረው መጋባት፣ መዛመድ የያዙበት ዘመን ነው። የዛሬዎቹ የወሎ ቤተሰቦች የዘር ሐረግ የተሸመነው በዚያ ክፍለ ዘመን ነው ብንል አልተሳሳትንም።

በዓለም ዙሪያ

አሁን ወደ ዓለም እንውጣ። ከኢስታንቡል እንጀምር። በዑስማንያ ዙፋን ላይ የነበሩት ሱልጣን ኢብራሂም ነበሩ። አስተዳደራቸው ተበላሽቶ፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ ቀርቶ፣ ወታደሩ ደመወዝ አጥቶ ነበር። በኦገስት 1648 የጦሩ አለቆችና ዑለማዎች ተስማምተው፣ የሸይኹል ኢስላሙም ፈትዋ ተጨምሮበት ሱልጣኑ ከዙፋን ወረዱ፤ ቀናት ሳይቆዩም ተገደሉ። በምትካቸው የተቀመጠው ልጃቸው ሙሐመድ 4ኛ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረ። ይህ ሕፃን አድጎ እስከ 1687 ድረስ ነገሠ። በዚያው በ1648 የዑስማንያ ጦር በቀርጤስ ደሴት ላይ የካንዲያን ከተማ መክበብ ጀመረ፤ ከተማዪቱ የተያዘችው በ1669 ነው። ከበባው 21 ዓመት ወሰደ ማለት ነው።

ወደ ሕንድ ስንሻገር የሙጋሉ ንጉሥ ሻህ ጀሃን በደልሂ ያሠሩትን ታላቅ ቀይ ምሽግ የመረቁት በ1648 ነው። መናገሻቸውንም ከአግራ ወደ ደልሂ አዞሩ። በ1631 በወሊድ ለሞተችባቸው ባለቤታቸው በአግራ ያሠሩት ታጅ ማሃልም በዚያ ሰሞን ሥራው ወደ መጠናቀቁ ነበር። ያ ሁሉ ግርማ ግን አሥር ዓመት ሳይዘልቅ ልጆቻቸው በሥልጣን ተጣሉ። በ1658 ልጃቸው አውረንግዜብ ዙፋኑን ወሰዱና አባትየው እስከ ሞታቸው በአግራ ተዘግቶባቸው ኖሩ። በዚህ ውስጥ ለአስተዋይ ትምህርት አለ።

ስለ ልደትም እናንሳ። በ1648 መጀመሪያ ላይ በኢራን የሰፈዊያ ቤተ መንግሥት ለሻህ ዐባስ 2ኛ ወንድ ልጅ ተወለደ። ሳም ሚርዛ ተባለ፤ በ1666 ነግሦ በኋላ ሻህ ሱለይማን በሚል ስም የታወቀው እርሱ ነው። በሐረም ተዘግቶ አድጎ ያለ ልምድ ዙፋን ላይ በመውጣቱ፣ በእርሱ ዘመን መንግሥቱ መድከም እንደ ጀመረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የቤተ መንግሥት ልደት በከበሮና በድግስ ስለሚታወጅ ቀኑ ሳይቀር ይመዘገባል። የድሀ ቤት ልደት ግን አይመዘገብም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለን። በዚያው ጊዜ በሐድረመውት፣ በተሪም ከተማ አካባቢ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበረ። በልጅነቱ በፈንጣጣ ዓይኖቹ ጠፍተውበታል። ቁርአንን ይሐፍዛል፣ ከዑለማዎች እግር ሥር ቁጭ ብሎ ይቀራል። ይህ ልጅ የተወለደው በ1044 ሂጅራ (1634) ነው፤ ኋላ ኢማም ዐብደላህ ቢን ዐለዊ አል-ሐዳድ ተብለው የታወቁት እርሳቸው ናቸው። በአገራችንም ሆነ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ሁሉ ከዒሻ ሰላት በኋላ የሚባለው ራቲብ አል-ሐዳድ የእርሳቸው ነው። የሻህ ሱለይማንን ስም ዛሬ ስንቱ ያውቀዋል? የዓይነ ስውሩን ልጅ ራቲብ ግን በየመስጊዱ የሚለው ብዙ ነው። ስለዚህ «በዚህ ዓመት ታላላቅ ሰዎች እነማን ተወለዱ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ የሚታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

አውሮፓም በዚያ ዓመት ደም ላይ ነበረች። በጀርመን ምድር ከ1618 ጀምሮ ለ30 ዓመት ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሲፋጁበት የነበረው ጦርነት ያበቃው በኦክቶበር 1648 በዌስትፋሊያ በተፈረመው ውል ነው። በእንግሊዝም ንጉሡና ፓርላማው ጦር ተማዝዘው፣ በጃንዋሪ 1649 መጨረሻ ላይ ንጉሥ ቻርልስ በገዛ ሕዝባቸው ፊት አንገታቸውን ተቀሉ። ሃይማኖትን ሰበብ አድርጎ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ሲነሳ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አይገኝም።

የቀይ ባሕር ጉዳይ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጎንደር ዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ፋሲል (ፋሲለደስ) ናቸው። የነገሡት በ1632 ነው። አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው ሕዝቡ ላይ ሊጭኑ በመሞከራቸው አገሪቱ እርስ በርስ ተላልቃ ነበር። ፋሲል ሲነግሡ የኦርቶዶክስን ሃይማኖት መልሰው አጸኑ፤ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንንም ከአገር አስወጡ። በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ አደረጉ።

ፋሲልን ያስጨነቃቸው ነገር አውሮፓውያኑ ተመልሰው እንዳይገቡ ነበር። ዋናው በር ደግሞ ምጽዋ ነው። ምጽዋን ከ1557 ጀምሮ የያዙት ዑስማንያዎች ናቸው። ፋሲል ከባሕር ዳርቻው ፓሻዎች ጋር ተስማምተው የሚመጡትን የካቶሊክ መነኮሳት እዚያው እንዲያስቆሟቸው ያደርጉ ነበር። በ1648 በሱዋኪን ሦስት መነኮሳት የተገደሉት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና ፋሲል ንግዳቸው በሙሉ በዑስማንያ ፓሻ ቀረጥና ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉን አልወደዱትም። ሌላ በር ፈለጉ።

ያ በር ከየመን ትይዩ ነበረ። ዑስማንያዎች ከየመን የተባረሩት በ1630ዎቹ አጋማሽ ነው። ያባረሯቸውም በሰሜን የመን ተራሮች የነበሩት የዘይዲያ ኢማሞች ናቸው። እዚህ ላይ «ኢማም» ስንል መስጊድ ውስጥ የሚያሰግደውን ብቻ ማለታችን አይደለም፤ በዘይዲያዎች ዘንድ ኢማም አገር ገዢም ነው። የሞኻ ወደብ በእጃቸው ገባ። ሞኻ ያን ጊዜ የቡና ንግድ ዋና በር ነበረች፤ ከሕንድ፣ ከግብጽ፣ ከአውሮፓ ሳይቀር መርከብ ይቆምባታል። ከሞኻ ጠባቡን ባሕር ሲሻገሩ የአፋር ጠረፍ ነው። እዚያም ከዓሰብ በስተሰሜን በይሉል የምትባል ትንሽ ወደብ አለች፤ የዑስማንያ እጅ አልደረሰባትም። ፋሲል ዓይናቸውን የጣሉት በዚች ላይ ነው።

ስለዚህ ፋሲል በ1642 ለየመኑ ኢማም ደብዳቤ ላኩ። ኢማሙ በ1644 ሲሞቱ በቦታቸው ወንድማቸው አል-ሙተወኪል ኢስማዒል ተተኩ። ፋሲል ለእርሳቸውም በ1647 ደብዳቤ ጻፉ፤ የሚተማመኑበት ሰው እንዲልኩላቸውም ጠየቁ። እስቲ ይህን ልብ እንበል፤ በአንድ ክርስቲያን ንጉሥና በአንድ ሙስሊም ገዢ መካከል ደብዳቤ የሚያመላልሰው ማን ነው? ሙስሊሙ ነው። ዓረብኛ የሚያውቅ፣ ባሕሩን የለመደ፣ በሁለቱም ወገን የሚታመን እርሱ ነበረ። በዚያ ዘመን ሙስሊሙ ርስት ይዞ ማረስ በብዙ ቦታ ስለማይፈቀድለት በንግድ ይኖር ነበር፤ ንግዱ ደግሞ መንገድና ቋንቋ አስተማረው። «የት ነበርን?» ላለው ወጣት የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ መንገድ ላይ ነበርን።

የቃዲው ጉዞ

ኢማሙ የመረጧቸው ሰው ቃዲ ሐሰን ቢን አሕመድ አል-ሐይሚ ይባላሉ። ዓሊም ናቸው፣ ጸሐፊም ናቸው። በ1647 ከየመን ተነስተው ከሞኻ ባሕሩን ተሻገሩና በይሉል ወረዱ።

ከኮምቦልቻ በባቲ ወርደው፣ ሚሌን አልፈው እስከ ዓሰብ ድረስ ጭነት ያመላልሱ የነበሩ አባቶች ያን በረሃ ያውቁታል። በመኪና፣ ውኃ በጀሪካን ተጭኖ፣ በአስፋልት ላይ እንኳ ምን ያህል እንደሚያዳክም ይነግሩናል። ቃዲው ግን በግመልና በእግር ነው የተጓዙት። መንገዳቸው ወደ እኛ ወደ ወሎ ደጋ አልወጣም፤ የአፋርን በረሃ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሰንጥቆ በትግራይ እንደርታ ላይ ወጣ። ከእንደርታም ተራራውንና ገደሉን አልፈው በ1648 ጎንደር ገቡ።

ጎንደር ሲደርሱ ያዩት ነገር አስደነቃቸው። በገደልና በሣር ጎጆ መካከል ለወራት የተጓዘ ሰው በድንገት በድንጋይና በኖራ የታነጸ ሕንጻ ፊት ቆመ። ይህ ዛሬም በጎንደር የምናየው የፋሲል ግንብ ነው። ቃዲው የግንቡን ማማር በአድናቆት ጽፈዋል፤ የሠራውም ሕንዳዊ ባለሙያ እንደሆነ መዝግበዋል። ስለ ፋሲል ግንብ ሠሪ ብዙ ሲባል ኖሯል፤ ፖርቱጋሎች ናቸው የሚልም አለ። ሕንጻው አዲስ ሳለ ያዩት ሰው ግን ሕንዳዊ ነው ብለዋል። ቅድም ያነሳነው ሻህ ጀሃን በደልሂ ቀዩን ምሽግ ሲመርቁ፣ የሕንድ ግንበኛ እጅ ጎንደርም ደርሶ ነበር። ቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ያኔ እንደ አንድ ገበያ ነበሩ።

ሁለት ልብ፣ አንድ ደብዳቤ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የታሪኩ ዋና ነገር ነው።

የየመኑ ኢማም የፋሲልን ደብዳቤ ሲያነቡ አንድ ተስፋ አደረባቸው። ንጉሡ የካቶሊኮችን ሃይማኖት አባርረዋል፤ ለሙስሊም ገዢ በወዳጅነት ይጽፋሉ፤ አዋቂና ታማኝ ሰው ይላክልኝ ይላሉ። ሙስሊም ሁሉ የነጃሺን ታሪክ ያውቃል። «ምናልባት ይህ ንጉሥ ልቡ ወደ ኢስላም አዘንብሎ ይሆናል» ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም። ቃዲውን የላኩትም በዚህ ተስፋ ነበር።

ፋሲል ግን በደብዳቤያቸው ያሰቡት ሌላ ነው። የእርሳቸው ጉዳይ የበይሉል መንገድ ነበር። ንግዱ ከምጽዋ ተላቆ በዚያ እንዲያልፍ፣ ኢማሙም በባሕሩ ወገን እንዲተባበሯቸው ፈለጉ። ስለ ሃይማኖት መለወጥ በልባቸው አልነበረም። ለነገሩ እንዴት ይኖራል? አባታቸው በሃይማኖት ለውጥ ምክንያት ዙፋናቸውን ሲያጡ በዓይናቸው አይተዋል።

ቃዲው ይህን የተረዱት ጎንደር ከገቡ በኋላ ነው። ንጉሡ በአክብሮት ተቀበሏቸው፤ ተነጋገሩ፤ ቃዲው የሚጠብቁት ቃል ግን አልመጣም። በንጉሡ በኩል ደግሞ ቃዲው ስለ በይሉል መንገድ ያሳዩት ፍላጎት ቀዝቃዛ ሆነባቸው። ቃዲው ያን በረሃ በእግራቸው አይተውታል፤ ነጋዴ ዕቃ ጭኖ በደህና የሚመላለስበት መንገድ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ሲመለሱም በበይሉል ሳይሆን በምጽዋ በኩል ወጡ። በ1649 የመን ሲገቡ ኢማሙ ተስፋ ያደረጉትም፣ ፋሲል የፈለጉትም አልተገኘም።

ውድ አድማጮች፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከሁለቱ አንዳቸውም አልዋሹም። ሁለቱም ብልህ ገዢዎች ነበሩ። ችግሩ፣ አንደኛው የሌላውን ቃል የራሱን ምኞት ጨምሮበት አነበበው። ይህ ነገር በነገሥታት ብቻ የሚሆን አይደለም። በእኛም ቤት፣ በገበያችንም፣ በጉርብትናችንም ይሆናል። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች ሆኖ፣ በሠርግም በለቅሶም አብሮ እየዋለ ኖሯል። ይህን ኑሮ ያቆየው ሰዉ ሃይማኖቱን መተዉ አይደለም። ጎረቤቱ የሚለውን እንደሚለው መስማቱ፣ ያላለውን በአፉ አለማስገባቱ ነው። ጎረቤት ደግ ሲሆንልን «ሃይማኖቱን ሊለውጥ ነው» ማለት፣ ሲኮሳተርብን ደግሞ «ጠልቶን ነው» ማለት ሁለቱም ከእኛ ልብ የሚመነጭ ንባብ ነው።

ታሪክ ስናነብም እንደዚሁ ነው። አንዳንዱ ወንድማችን ፋሲል በስውር ሰልመው ነበር ቢባልለት ደስ ይለዋል። ቃዲው ግን እንዲህ አልጻፉም። ልፋታቸውን ሁሉ የሚያስረሳ የምሥራች ይዞ መመለስ ለእርሳቸው ምንኛ በጠቀመ ነበር! ያላዩትን ግን አልጻፉም። የዓሊም አማና ማለት ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው

የፋሲል ከሙስሊሙ ዓለም ጋር መላላክ በዚህ አላበቃም። በ1660ዎቹ ወደ ሕንዱ አውረንግዜብ ሲልኩ፣ ከመልእክተኞቹ አንዱ ሙስሊም ነጋዴ፣ አንዱ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነበረ።

ነገር ግን ታሪኩን ሙሉ ለመናገር መራራውንም ማንሳት ይገባል። ፋሲል በ1667 አረፉ። ልጃቸው ዐፄ ዮሐንስ በ1668 በጎንደር ጉባኤ አድርገው፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ በሌላ ሰፈር እንዲኖር ተወሰነ። የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር፣ አዲስ ዓለም የሚባለው፣ ከዚህ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ደብዳቤ አመላላሽ፣ ነጋዴና አስተርጓሚ ሆኖ ቤተ መንግሥቱን ሲያገለግል የኖረው ሕዝብ፣ ቃዲው ጎንደር ከገቡ 20 ዓመት በኋላ በሰፈር ተለየ። በዚያ ሰፈር ሆኖም መነገዱን፣ መሸመኑን፣ ልጆቹን ቁርአን ማስቀራቱን አልተወም። ይህን የምናነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የሆነው እንዳይረሳ፣ ዳግምም እንዳይሆን ነው።

በምሥራቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ቃዲው ከየመን በተነሱበት በ1647 ዓሊ ቢን ዳውድ በሐረር ላይ ራሱን የቻለ የአሚርነት መንግሥት መሠረቱ። ይህ መንግሥት ግብጾች ሐረርን እስከ ያዙበት እስከ 1875 ድረስ ሳይቋረጥ ቆየ። የራሱ ገንዘብ፣ የራሱ ቃዲ፣ የራሱ መዝገብ ነበረው። እንግዲህ በአንድ ወቅት በጎንደር ነጋዴ፣ በአፋር መንገድ መሪ፣ በሐረር አሚር ሆነን እንገኛለን ማለት ነው።

የጻፈ ተረፈ

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? ቃዲ ሐሰን የመን ሲመለሱ የጉዟቸውን ታሪክ በዓረብኛ ስለጻፉ ነው። ኪታቡ «ሲረቱል ሐበሻ» በሚል ስም ይታወቃል። በእጅ እየተገለበጠ ቆይቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ ታተመ፤ በ1986ም ፋን ዶንዘል የተባሉ የኔዘርላንድ ምሁር ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር አሳተሙት። የተልእኮው ዓላማ ከሸፈ፤ ጽሑፉ ግን እስከ ዛሬ ይጠቅማል።

በዚያው በ1648 በኢስታንቡል ካቲብ ቸለቢ የተባሉ ዓሊም ከአደም (ዐ.ሰ.) ጀምሮ እስከ እዚያው ዓመት ድረስ የሆነውን በሰንጠረዥ የሚያሳይ «ተቅዊሙ ተዋሪኽ» የተባለ መጽሐፍ አዘጋጁ። የእያንዳንዱን ዓመት ነገር ለይቶ መመዝገብ ለሙስሊም ዑለማ አዲስ እንዳልነበር ከዚህ እንረዳለን።

ሦስተኛውን ምሳሌ ከራሳችን ምድር እንውሰድ። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ካህን ነበሩ። አገራቸው መካነ ሥላሴ ነው፤ በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ ዛሬ ወሎ ከምንለው ምድር። የካቶሊክን ሃይማኖት ከተቀበሉት ወገን ስለነበሩ ተሰደው ሮም ገቡ። በ1649፣ ቃዲው የመን በገቡበት ዓመት፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሮም ላይ አገኛቸው። የ30 ዓመቱ ጦርነት ገና ማብቃቱ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ የግዕዝንና የአማርኛን ቋንቋ፣ የአገራችንንም ታሪክ ለሉዶልፍ አስተማሩት፤ በ1652ም ጀርመን ድረስ ሄደው አብረውት ሠሩ። በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ በሜዲትራንያን መርከባቸው ሰጥማ አረፉ። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከእርሳቸው በቀሰመው ትምህርት ነው። አንድ ስደተኛ የወሎ ሰው ያወቀውን ስላካፈለ፣ የዚያ ዘመን አማርኛ ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ እናውቃለን።

የእኛ ድርሻ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የወሎ ዑለማዎች ለዘመናት ጽፈዋል። ፊቅሁን፣ ነሕዉን፣ መንዙማውን ጽፈዋል። አማርኛን በዓረብኛ ፊደል የሚጽፉበት ዓጀሚ የሚባለው ስልት በእኛ አገር የዳበረ ነው፤ ከታወቁት ባለ ዓጀሚዎች አንዱ ሸህ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ናቸው። አላህ ይዘንላቸውና ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በየገጠሩ እየዞሩ ከሽማግሌ አፍና ከየቤቱ ኪታብ ለቅመው የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የወሎ ኢስላም ታሪክ በ2001 ባያሳትሙ ኖሮ፣ ዛሬ የምናውቀው እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር። እርሳቸው በ2009 አርፈዋል፤ ያነጋገሯቸው ሽማግሌዎችም ብዙዎቹ አልፈዋል።

በየቤታችን ጣራ ሥር፣ በቆዳ ማኅደር የተንጠለጠሉ ኪታቦች አሉ። አያት የቀሩባቸው፣ በጠርዛቸው ማን ከማን እንደቀራ፣ ማን መቼ እንደሞተ የተጻፈባቸው ናቸው። ጭስ ያጠቁራቸዋል፣ ምስጥ ይበላቸዋል፣ ዝናብ ይነካቸዋል። ዓረብኛ የማያነብ ወራሽ «ምን ይሠራል?» ብሎ ለመንገደኛ ገዢ በጥቂት ብር ይሰጣቸዋል። ከጠርዙ ላይ ያለችው ያች አንድ መስመር የአንድ ቀበሌ ታሪክ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ ቤተሰቦችን አደራ የምንለው ከባድ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ያለንን ኪታብ ከጭስና ከእርጥበት አርቀን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለን ከመሬት ከፍ እናድርግ። ሁለተኛ፣ አንሽጥ፤ ማንበብ ካልቻልን ለሚያነብ ሸህ እናሳይ፤ ገጹን በስልክ ፎቶ እናንሳ። ሦስተኛ፣ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ ስማቸውን እስከ ሰባት ቤት፣ የቀሩበትን ቦታ፣ ያስቀሯቸውን ሸህ ስም በደብተር እንጻፍ። ስንጽፍም ዓመቱን በሂጅራም በዓ.ም.ም እናስቀምጥ። አራተኛ፣ የሰማነውን «ሰማን»፣ ያየነውን «አየን» እንበል፤ ቃዲ ሐሰን እንዳደረጉት ያላየነውን አንጨምር።

ልጆች ከመድረሳም ከትምህርት ቤትም ሲመለሱ የሚጠይቁት ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እንዲህ ነው። በ1058 ሂጅራ በወሎ ደጋ ማን ኖረ፣ ማን ተወለደ ብንባል ከሩቅ አገር ሰው መጽሐፍ እየለቀምን ነው የምንመልሰው። በ1500 ሂጅራ የሚወለደው ልጅ ግን ስለ እኛ ሲጠይቅ ከእኛው እጅ ጽሑፍ እንዲያገኝ እንችላለን። ያም ቀን ሩቅ አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ.) ያለፉትን ዑለማዎቻችንን ይማርልን። የተዉልንን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አገራችንን ሰላም፣ ጉርብትናችንን የፍቅር ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።